ሀገር ስጠኝ

ማካርቲ፣ አላስካ። ሐምሌ ሲጋመስ፣
ሌሊቱ በቅጡ ጨለማ ሳይለብስ፣
ከሎርና ሃልቮርሰን ኋላ ኋላ እያልኩ
አምስት የቀርከሃ ዘንግ ይዤ ግግሩን ዘለቅኩ።

የእኔ ሥራ መሸከም፤ ቅጥሬ ለአንድ በጋ።
የእርሷ ሥራ መለካት፤ ሲመሽም ሲነጋ
በረዶ እየበሳች፣ ዘንግ እየተከለች፣
«ከአምናው ምን ያህሉ ራቁቱን ቀረ?» እያለች፣
ሠላሳ አንድ ዓመቷ።
አንዱ ጉልበቷ የሐኪም ብረት ነው፤
ዳገት ላይ ግን የማለከልከው እኔ ነኝ።

«ድንጋይ ነው አትበለው» አለችኝ ቁጭ ብለን፣
በረዶው ከሥራችን ሲንቋቋ እየሰማን፤
«ማር ነው፤ ብርድ የያዘው፣ የረጋ ማር ነው።
ከዜሮ ሃያ ዝቅ ሲል ክንዱ ደረቅ ነው፤
ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይላላል ገመዱ፣
ተራራ የሚያህል ገላ ይፈሳል በሆዱ።»

ከዚያ የቀትሩን ነገር በጣቷ አሳየችኝ፦
ላዩ ላይ ሰማያዊ ጅረት፣ እንደ ደም ሥር የቀጠነ፣
ሲሄድ ሲሄድ ድንገት ጉድጓድ ውስጥ የመነነ።
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ታች ወፍጮ ቤት ነው።
ውሃው ከአለቱና ከበረዶው መሃል ሲገባ
ተራራው ሳሙና እንደረገጠ ሰው ያዳልጠዋል፤
ያን ቀን ክንድ ሙሉ ይሄዳል።
ማታ ቅዝቃዜው ሲመለስ ውሃው ይሳሳል፣
እግሩ አለቱን ይነክሳል፣
እያቃሰተ ይቆማል።
አይቆምም እንኳ። ይዘገያል።

ዳቦና ሰርዲን ስንበላ እንቆቅልሽ ትዝ አለኝ፤
ደንቡን አስረዳኋት፦ ያላወቀ ሀገር ይሰጣል።
«እንቆቅልሽ!»
«ምን አውቅልህ» አለች፣ አፏ እየተያያዘባት።
«ቀኑን ሙሉ ወደ ፊት ሲሄድ ይውላል፤
ማታ ሲፈለግ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል።»

ዝም አለች። መልሱ ላይ ተቀምጣለች።
ጣቷን በሱሪዋ ጠርጋ
ቁልቁል ግራጫውን የጠጠር ሜዳ አሳየችኝ።
«እዚያ ጋ፣ በመጣሁበት ዓመት
ድንኳኔን የተከልኩት በረዶ ላይ ነበር።
የጠየቅኸው እኔን አይደለም፣ እሱን ነው፤
መልሱ ጠፍቶት
በየዓመቱ ሀገር የሚሰጥ እሱ ነው።»

ተቀባዩስ ማን ነው?
ጭቃ፣ የደቀቀ አለት፣
ስንዝር የማትሞላ አኻያ፣
ሥሯን የት እንደምታሳርፍ ገና ያልቆረጠች።

ግግሩ በጎኑ አግዶ የያዘው ሐይቅ
ዓርብ ዕለት ከሥር ሾለከ።
ወንዙ ደፈረሰ፤ ቤት የሚያካክል በረዶ
እየተላጋ መጣ።
ሰው ሁሉ ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ቢራው በባልዲ፣
ባንጆዋን ታቅፋ ዳቦ ጋጋሪዋ ትሩዲ፣
ውሾች፣ ድስት የሚደበድቡ ልጆች።
በየዓመቱ እንዲህ ነው አሉ፤ መንደሩ ቀለጠ።
መንደሩ ቀለጠ! ብዬ ቃሉ አፌ ውስጥ ተገለበጠ።
ሰሙ ሲፈስ ወርቁ ይወጣል ብለው ነበር ያስተማሩኝ፤
እዚህ ግን ፈሶ ፈሶ
ወለል ብሎ የታየኝ ድንጋይ ነው።
ሎርናም ጨፈረች፤ በብረት ጉልበቷ፣
ከሁሉ በላይ፣ እስኪጠፋ ኮፍያዋ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ራሳችንን እያመመን፣
ከአምናው ዘንጎች የመጨረሻው ዘንድ ደረስን።
አራት ሜትር ሙሉ ቀብራው ነበር።
ተጋድሞ አገኘነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጥቶ፣
እንደ ማንኛውም እንጨት።

ደብተሯን አወጣች። ቁጥር ትጽፋለች ብዬ ስጠብቅ
እርሳሱን ነከሰችው፤
ቆይታ፣ በትንንሽ ፊደል፦
«ዘንጉ አጠረ።»

መሰርሰሪያውን አቀበልኳት።